ከወንበሩ ፊት

የሲፋን አባት አቶ ገለታ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ያለ ደጋፊ ከወንበር አይነሱም። እሷ ቢሮ ስትውል ካዛንቺስ ቤታቸው ውስጥ ብቻቸውን ናቸው። ሰሞኑን ታዲያ «ሰው ገብቶ አጠገቤ ይቆማል» እያሉ እህል እንቢ አሉ።

ሲፋን ጨነቃት። ቅዳሜ ከሰዓት አርዱዊኖ በምትባል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ የርቀት ሴንሰርና ቡዘር ገጥማ ከላፕቶፗ ጋር አገናኘች፤ ሰው ሲቀርብ ይጮኻል፣ ይበልጥ ሲጠጋ ጩኸቱ ይፈጥናል። ሴንሰሩን ከወንበራቸው ፊት ወደ በሩ አዙራ፣ እሷ ከኋላቸው ተንበርክካ ሽቦውን ታስተካክል ጀመር።

«አባዬ፣ በቃ፣ ከእንግዲህ ሳታውቅ ማንም አይጠጋህም።»

ቡዘሩ ጮኸ። ሲፋን ቀና አለች። ክፍሉ ባዶ ነው፣ በሩም እንደተቆለፈ ነው። ሽቦው ላልቶ ይሆናል ብላ በሁለት እጇ አጠበቀችው። ጩኸቱ ግን እየፈጠነ፣ ላፕቶፑ ላይ የሚታየው የርቀት ቁጥርም እየቀነሰ ሄደ። ክንድ የማይሞላ ርቀት ላይ ሲደርስ ቁጥሩ ቆመ።

አባቷ ፊታቸው ፈካ። እጃቸውን ወደ ፊት ዘረጉ።

«አንቺ ነሽ እንዴ ልጄ? እጅሽ እንዴት ቀዝቅዟል!» አሉ። «እሺ፣ ቀስ አድርገሽ ሳቢኝ።»

ክንዳቸው ተወጠረ፤ ከወንበራቸውም ብድግ አሉ።