ከቁም ሳጥኑ ላይ የመጣው ድምፅ

የጉደሩ መምህር ጃርሶ ኔትወርክ ከተቋረጠ ወራት ካለፉ በኋላም ስልክን አያምንም ነበር። ወጣቶች እየታፈሱ በሚታሰሩበት በዚያ ክረምት አንድ ልጁን ሚልኬሳን ወንጪ አክስቱ ቤት ደብቆታል። ስለዚህ የሚስቱን የደብሪቱን ስልክ ባትሪ አውጥቶ ጣለና ቀፎውን ቁም ሳጥኑ ላይ አኖረው። ስለ ልጃቸው የሚያወሩትም ጓሮ ወጥተው ነው።

«ባዶ ቀፎ ምን ይሰማል?» አለችው ደብሪቱ አንድ ቀን። «በገዛ ቤቴ የልጄን ስም ልከልከል?»

«ለጊዜው ተይው» አላት።

እሷ ግን ብቻዋን ስትሆን አልቻለችም። ምስር እየለቀመች፣ «ሚልኬሳዬ፣ በልተህ ይሆን? በርዶህ ይሆን?» ትላለች።

አንድ ቀን ምሳ እየበሉ ሳለ፣ «ሚልኬሳዬ» አለ የደብሪቱ ድምፅ።

ጃርሶ ሊቆጣት ቀና አለ። ደብሪቱ ግን የጎረሰችውን ገና አልዋጠችም። ድምፁ የመጣው ከቁም ሳጥኑ ላይ ነው።

«ሚልኬሳዬ፣ እናትህ ነኝ። አገሩ ሰላም ሆኗል። መኪና ይዘን በር ላይ ቆመናል፤ ውጣ።»

ደብሪቱ ተነሥታ ቀፎውን አወረደችው። የባትሪው ቦታ ባዶ ነው።

«አትውጣ ልጄ፣ እኔ አይደለሁም» አለች ወደ አፏ አስጠግታው። «እኔ አይደለሁም።»

ከቀፎው ወዲያኛው በኩል የበር መቀርቀሪያ ሲሳብ ተሰማ።

«ቶሌ፣ እሺ እማዬ» አለ ሚልኬሳ፣ «መጣሁ።»