ቀይ መስመር

አብርሆት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ቸርች የኋላ ወንበር ላይ ላፕቶፗን ከፍታ፣ የአባቷን ስም ከቸርቹ አፕ ኮድ ማጥፋት አቅቷት ተቀምጣ ነበር። እሁድ እሁድ በአፑ ላይ ቃሉን የሚያነበው የእሳቸው ድምፅ ነበር፤ ከተቀበሩ ገና ሳምንት አልሞላቸውም።

«ልጄ፣ እናትሽ ገብታ የአባትሽን ድምፅ ሳትሰማ ጨርሺው» አሏት የቸርቹ ሽማግሌ ቀስ ብለው። «አፑ ይበላሻል ብለሽ ነው?»

«አይበላሽም ጋሼ።»

አፑን የሠራችው እሷው ናት። ገጹ ላይ የጻፈችው «አንባቢ» የሚል ኢንተርፌስ፣ ማንም አንባቢ ሊገባበት የሚችል ባዶ ቦታ ብቻ ነው፤ የማን ድምፅ እንደሚመጣ የሚወስነው ፋክተሪ የሚባለው ሌላ የኮዱ ክፍል ነው፣ እሱም በአንድ መስመር። ያኔ አባቷ ከትከሻዋ በላይ እያዩ «ታዲያ ገጹ እኔን አያውቀኝም?» ሲሏት፣ «ማወቅ የለበትም አባዬ፣ ውበቱ እሱ ነው» ብላ ስቃ ነበር።

በዚያች መስመር ላይ የአባቷን ስም አጥፍታ የአዲሱን አንባቢ ስም ጻፈችና ፕሮግራሙን ራን አደረገችው። የአዲሱ አንባቢ ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ፊደሉም፣ ቀለሙም፣ ቁልፉም እንደነበረ ነው። ሽማግሌው «ተባረኪ» ብለዋት ወደ መድረኩ ሄዱ። እሷ ግን ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጠች ቀረች። አንድ ቀይ ኤረር፣ የጎደለ ነገር አለ የሚል አንድ መስመር እየጠበቀች ነበር። ምንም አልወጣም።