ዘይት የጠጣው ቁልፍ

ቁልፍ ሠሪው የገዛ ቤቱ በር ላይ እንደ ሌባ ተለጥፎ ቆመ። ጠዋት የበሩን ቁልፍ ፈታትቶ ዘይት ያጠጣው ሆን ብሎ ነው፤ ሲገባ ኮሽ እንዳይል። ሙያ ለዚህ ካልሆነ ለመቼ ነው? ትናንት ጤና ጣቢያ ነርሷ፣ «ወተቱን ያደረቀው የምግብ ማነስ አይደለም፤ ጭንቀት ነው። እናቲቱም ልጅቷም ክስት ያሉት በሱ ነው። እባካችሁ፣ ቤታችሁ ጩኸት ይብቃው» ስትል ሚስቱ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። እሱ ግን እዚያው በልቡ ማለ፤ ከእንግዲህ እዚህ ቤት ድምፁን ከፍ ላያደርግ።

ከበሩ ወዲያ ልጁ ስትጠባ ሰማ። ጉጭ ጉጭ የሚል፣ አንጀት የሚያርስ ድምፅ። ወተቱ መጥቶላታል! ቁልፉን ቀስ አድርጎ ሰካው፤ ለራሱ ጆሮ እንኳ አልተሰማም።

ልጅቷ ግን መጥባቷን አቆመች። አላለቀሰችም፤ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ጸጥ አለች። ቤቱም አብሯት ጸጥ አለ።

«አይዞሽ የኔ እናት» አለች ሚስቱ በሹክሹክታ። «አይዞሽ፣ አባትሽ አይደለም። ጎረቤት ነው።»

ቁልፉን እንዳስገባው ቀስ አድርጎ መልሶ አወጣው። ጥቂት ቆይቶ ያ ጉጭ ጉጭ የሚለው ድምፅ ተመለሰ። «ጎረቤት» የተባለው አባትም የበሩ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ አዳመጠ።