ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የጋሽ ቢቂላ ልብ ምን ነካው?

«ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ ቤት ውስጥ ምን ተፈጠረ?»

ዶክተር ማኅደር ናት ጠያቂዋ።

«ኧረ ምንም…» አለች ቢሊሱማ።

አባቷ ጋሽ ቢቂላ የቦሌ ቡልቡላ ሰው ናቸው… የልብ ድካም ታማሚ። ሰሞኑን የልብ ምታቸው ስለተዘበራረቀ፣ ቀን ከሌት የሚመዘግብ መሣሪያ ደረታቸው ላይ ተለጥፎ ነበር።

«ስምንት ሰዓት ላይ ምታቸው ተረብሿል። አሥራ አንድ ላይ ደግሞ ብሷል። ሰው ሲጨነቅ ነርቩ ልቡን ‹ቶሎ ቶሎ ምታ› እያለ ያጣድፈዋል። የደከመ ልብ ደግሞ ጥድፊያ አይችልም። ምንድነው ያስጨነቃቸው?»

ቢሊሱማ አቀረቀረች… በሁለቱም ሰዓት ስልክ ተደውሎላት፣ ኮሪደር ወጥታ ስታንሾካሹክ ነበር።

ዶክተሯ ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አባባ፣ እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ።»

ጋሽ ቢቂላ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩ…

«የወንድምሽን መርዶ መቼ ነው የምትነግሩኝ?»

«የምን መርዶ አባዬ?!»

«ቶሌሳ ከደወለልኝ ሦስት ሳምንቱ። ስልክ ሲጮህ ትወጫለሽ፣ ዓይንሽ ቀልቶ ትመለሻለሽ። ጎረቤቱ በማለዳ ተሰብስቦ ይገባና ስለ ዝናብ አውርቶ ይወጣል። እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ? በሩ በተንኳኳ ቁጥር ‹አሁን ሊያረዱኝ ነው› እያልኩ…»

ቢሊሱማ እያለቀሰች በቪዲዮ ደወለች።

«አባዬ!»

ቶሌሳ ነበር! በሕይወት ያለው ቶሌሳ!

የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው። መኪናው ተገልብጦ፣ እግሩ ተሰብሮ አዳማ ሆስፒታል ተኝቷል። ቤተሰቡ «የአባዬ ልብ ድንጋጤ አይችልም» ብሎ ደበቀ። እሱ ደግሞ አባቱን መዋሸት ስለማይሆንለት ለእሳቸው መደወሉን ትቶ፣ ለእህቱ ብቻ ይደውል ነበር።

«እግርህን አሳየኝ።» አሳያቸው።

«ሌላኛውንም።» አሳያቸው።

«እጅህንስ?»

«ኧረ አባዬ፣ ሙሉ ነኝ!»

ጋሽ ቢቂላ እያለቀሱ ሳቁ። «እግር ብቻ? ተመስገን! እኔ እኮ ቀብሬህ ነው የከረምኩት!»

እኔም ይህን ስጽፍ እፎይ ብያለሁ፣ እውነቴን ነው።

ሕመሙ አልጠፋም፣ መድኃኒቱም አልቀረም። ግን በሳምንቱ ምታቸው ተረጋግቶ ዶክተሯ ራሷ ፈገግ አለች።

ትምህርቱ ምን መሰላችሁ?

ለታመመ ሰው አዝነን የደበቅነውን፣ እሱ በራሱ ሐሳብ ይሞላዋል… የሚሞላው ደግሞ ከእውነቱ በባሰ ነገር ነው። ሐኪሙን አማክሩ፣ ከጎኑ ተቀመጡ፣ በእርጋታ ንገሩት።

እናንተስ… «እንዳይደነግጥ» ብላችሁ እስከ ዛሬ እውነቱን የደበቃችሁት ሰው አለ? እሱስ በልቡ ምን እያሰበ ይሆን? ኮመንት ላይ አውሩኝ።