ሦስተኛው በር

ማክሰኞ ረፋድ ላይ በቀለም ክፍሉ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ፦ አሠልጣኙ ጋሽ ወልደየስ፣ የብረታ ብረት ድርጅቱ ባለቤት ወይዘሮ አምሳለ እና አንዲት ሠልጣኝ። ሠልጣኟ ያዘጋጀቻቸው ሁለት የብረት በሮች ቀለማቸው ተልጦ ነበር። ሦስተኛውም ከተላጠ ከሥልጠናው ትሰናበታለች።

“የእጅ ቅባት የነካው ብረት የዱቄት ቀለም አይይዝም ብያለሁ” አሉ ጋሽ ወልደየስ ቀኝ እጃቸውን እያሳዩ። “እኔ ለዚህ ሙያ የመሀል ጣቴን ሰጥቻለሁ። አንቺ ላብሽን መጥረግ አቃተሽ?”

ሠልጣኟ ወደ ሦስተኛው በር ዞረች። ሁለት ጓንት ደራርባ በሩን በብርጭቆ ወረቀት ፈተገችው፤ በኬሚካል አጥባ አደረቀችው። ጋሽ ወልደየስ እንደ ልማዳቸው ቀረብ ብለው መሀሉን ቸብ ቸብ አደረጉት።

“አሁን ገና ጸዳ። ስቀይው።”

ቀለሙ ተረጨ፤ በሩ ምድጃ ገብቶ ወጣ። ሲቀዘቅዝ ወይዘሮ አምሳለ ሰፋ ያለ ፕላስተር መሀሉ ላይ ለጥፈው ሳቡት። ቀለሙ አብሮ ተነሣ።

“አላልኩም?” አሉ ጋሽ ወልደየስ። “እጇ ነው።”

“እንግዲህ ዕቃሽን ሰብስቢ፣ ልጄ” አሉ ወይዘሮ አምሳለ።

“ጓንቴን እኮ አላወለቅኩም” አለች ሠልጣኟ ቀስ ብላ።

ወይዘሮ አምሳለ በሩን ወደ መስኮቱ አዞሩት። የተላጠው ቦታ የመዳፍ ቅርጽ ነበረው። ጣቶቹ አራት ናቸው።

ከምሳ በኋላ በሩን እንደገና የፈተጉት ጋሽ ወልደየስ ናቸው፤ ጓንት አጥልቀው።