ውብሸቲያና

ውብሸት የደረቁ ዕፅዋት የሚቀመጡበትን ክፍል ሲጠርግ እማማ በለጡ ከበር ብቅ ሲሉ አያቸው። ከስድስት ዓመት በፊት ሳይንስ የማያውቃትን አንዲት ቅጠል ገደል አፋፍ ድረስ ወስደው ያሳዩት እኚህ መድኃኒተኛ ነበሩ። የክፍሉ ኃላፊ ፕሮፌሰር «ማን አገኛት?» ሲሉት ግን «እኔ» ብሎ ነበር።

ሊያጋልጡኝ መጡ ብሎ ደነገጠ።

«ስምህ ተጽፎባታል አሉኝ። እስቲ አንብብልኝ፣ ልጄ።»

«ውብሸቲያና» አለ፣ አንገቱን እንደ ደፋ። «በላቲን የሰው ስም ላይ ‹ኢያና› ሲቀጠል የእገሌ ተክል ማለት ነው።»

«የውብሸት ቅጠል በለኛ!»

«እማማ፣ ያገኟት እኮ እርስዎ…»

«ተው፣ አውቃለሁ!» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የመድኃኒተኛ ስም ከቅጠሉ ጋር ከተጠራ መድኃኒቱ አይፈውስም። ያን ጊዜ ይኼን ሳልነግርህ ሄድክብኝና፣ ስሜን እንዳትጽፈው ብዬ ተሳልኩ። አንተ ግን ሳይነግሩህ ገብቶህ የእኔን ሰውረህ የራስህን ሰጠህልኝ።»

ከነጠላቸው ጫፍ የስለታቸውን ሙልሙል ፈትተው ሰጡት።

«ስምህን ከመቃብር በላይ ያውልልህ!»

ዳቦውን በሁለት እጁ ተቀበለ።

«አሜን» አለ።