ከኡሬኛ ማዶ

ዙሌይካ ጎመኑን ትታ ስልኳ ላይ አጎንብሳለች። ቢላዋው ከእጇ አልወረደም። እኔ ሽንኩርት እልጣለሁ፤ ዓይኔ ግን እዚያው ነው።

ስልኩ ላይ ሴቶች አያለሁ። ብዙ ናቸው፤ ነጭ ለብሰው፣ በጠራራ ፀሐይ ተያይዘው ይሄዳሉ።

«የማን ንግሥ ነው?» አልኳት።

ታቦቱን ፈለግሁ። ከፊታቸው የቆመው ግን ወታደር ነው።

ዙሌይካ እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ባለው የሐበሻ ምግብ ቤት ከእኛ ጋር ስትሠራ አራተኛ ዓመቷ ነው። አማርኛዋን ከኪችን ነው የለቀመችው፤ ንግሥ ምን እንደሆነ ታውቃለች። ሳቀች።

«ንግሥ አይደለም ጋሼ። ዱቄት ሊገዙ ነው።»

እያቆራረጠች ነገረችኝ። አገሯ ቬንዙዌላ ነው። የተወለደችበትን ኡሬኛን ከኮሎምቢያ የሚለያት አንድ ወንዝ ነው። ድሮ ሰው ቁርሱን ቤቱ በልቶ ማዶ ይገበያይና ለምሳ ይመለሳል። ገበያው አንድ ነበር። መንግሥታቱ ተጣሉ፤ የወንዙ ድልድይ ከተዘጋ ዓመት ሊሆነው ነው። ዛሬ ሴቶቹ በግድም ቢሆን ሊሻገሩ ወጡ። እናቷ ከመሃላቸው ናት። የደም ግፊት ኪኒኗ ካለቀ ሦስት ሳምንት ሆኗታል። የዙሌይካ እህት ማዶ ኪኒኑን ይዛ ትጠብቃለች።

የምግብ ቤቱ ባለቤት ሰርካዲስ በበሩ ብቅ ብላ፣ ዛሬ ጎመኑ በስልክ ነው ወይ የሚበስለው አለች። ፊታችንን አየች። በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

ነገሩን አውቀዋለሁ። እናቴ አዲግራት፣ ወንድሜ አሥራት ከድንበሩ ወዲያ ኤርትራ፣ ሰንዓፈ ነበሩ። ለገበያ ደርሶ መልስ ነው። የዘጠናው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት መንገዱንም ስልኩንም ዘጋው። ከሎስ አንጀለስ ግን ለሁለቱም ይደወላል። ሁለት ስልክ እይዝና አፍ ለጆሮ አገጣጥማቸዋለሁ። እነሱ ያወራሉ፤ እኔ እይዛለሁ። ስምንት ዓመት ያዝኩ። አንድ ቀን ለአሥራት በአንድ ስልክ ብቻ ደወልኩለት። እናታችን ማረፏን ሳልነግረው አወቀ።

መንገዱ ዛሬም ዝግ ነው።

የዙሌይካ ስልክ ጠራ። እህቷ ናት፣ በቪዲዮ። በስፓኒሽ ተጯጯሁ። ዙሌይካ ቢላዋውን አስቀመጠች፤ በክንዷ ዓይኗን ጠርጋ ስልኩን ፊቴ ላይ ደቀነችው።

«ተሻገረች ጋሼ። እያት።»

አንዲት አሮጊት የመንገድ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ኪኒን በውሃ ትውጣለች። ነጭ ሸሚዟ በላብ ተጣብቋል። ከኋላዋ ድልድዩ ይታያል። አጭር ነው። ከዚህ ጫፍ የቆመ ሰው ወዲያኛው ጫፍ ያለውን በስሙ ቢጠራው ይሰማዋል። ሴቶች ያልፋሉ። አንዷ ጫማዋ ወልቆ ተመልሳ ታነሳለች፤ የሚከለክላት የለም።

«አየሃት?»

«አየኋት፤ እግዜር ይመስገን» አልኳት።

ድልድዩን ነበር የማየው።